ባከር ባይን አትስቀሉት፦ ስለ ቤንጋሊዎች ቴሌቪዥን ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። «አንተ ከቤንጋሊዎች ጋር አይደል የምትኖረው? ይኼ ነገር እውነት ነው?» የሚል ጨምራበታለች። በድምፅ ልመልስላት ጀመርኩና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተውኩት። በድምፅ መልእክት የሚያልቅ ነገር አልሆነም።

ጽሑፉ በባንግላዴሽና በሕንዷ ኮልካታ በኩል ስለሚኖሩት ቤንጋሊዎች ቴሌቪዥን፣ ዜናና ባህል ነው። የጸሐፊው አማርኛ ያምራል፤ ይኼን ሳልናገር ባልፍ ንፉግ እሆናለሁ። ሐሳባቸውን እንዳላጣምም በአጭሩ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ የቤንጋሊ ቴሌቪዥን ከአማትና ምራት ጠብ ሌላ የሚያሳየው የለም፤ እሱም የሂንዲ ግልባጭ ነው። ሁለተኛ፣ ይኼ ድራማ የመንደር ቲያትራቸውን፣ ዘፈናቸውን፣ ቋንቋቸውን ገድሎታል። ሦስተኛ፣ በዓላቸው የስፖንሰር ማስታወቂያ ሆኗል። አራተኛ፣ ዜናቸው የመንግሥት ዋሽንት ነው። አምስተኛ፣ ባንግላዴሽ ዘግይታም ቢሆን ነቅታ በ2021 የሕንድ ጣቢያዎችን ዘግታለች፤ እኛም የቱርኩን ድራማ እንደዚያው እናድርገው። ይኼው ነው። (እኔም ዓመቶቹን እንደሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

እኔ ሻርጃ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከባንግላዴሽ ነው፣ ከኩሚላ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሒሳብ የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ ኮልካታ ተወልዶ ያደገ ነው። የኩሚላውን «ባይ»፣ የኮልካታውን «ዳዳ» ነው የምላቸው። ሁለቱም ወንድም ማለት ነው፤ ሙስሊሞቹ ባይ ሲሉ ሂንዱዎቹ ዳዳ ይላሉ። ይኼን ያነሳሁት ጽሑፉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለፈጫቸው ነው። አንድ አንቀጽ ላይ ስለ ዳካ ጀምሮ ሳይነግረን ኮልካታ ይገባል። ቋንቋው አንድ ነው፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ነው። ከ1947 ወዲህ ግን ሁለት አገር ነው፤ ኮልካታ ሕንድ ውስጥ ቀረች፣ ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ የሆነችው ዳካ ደግሞ እስከ 1971 በፓኪስታን ሥር ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ገበያ፣ ሁለት ዓይነት ሳንሱር። ከጽሑፉ ስህተት ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ። እውነት ያላቸውን ላስቀድም። የኮልካታው የየቀኑ ድራማ ያደክማል። ዳዳ ራሱ ያማርራል። አንድ ጥፊ ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ይታያል፣ በመካከሉ መብረቅ ይጮኻል፣ ክፍሉ እዚያው ላይ ያልቃል። ሴትየዋ ከነአንገት ጌጧ ትተኛለች። ሐሙስ ሐሙስ የተመልካች ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ ከወረደ ገጸ ባሕርይዋ ትታመማለች ወይ መንትያ እህት ይመጣላታል፣ እሱም ካልሠራ ድራማው ይሞታል። ቅርጹ ከ2000 ወዲህ ከሂንዲው የተወሰደ መሆኑንም አልክድም።

በ2014 ዒድ ሰሞን ደግሞ ዳካ ገበያ ውስጥ «ፓኺ ቀሚስ» የሚባል ነገር ገባ። ፓኺ የአንድ የኮልካታ ድራማ ገጸ ባሕርይ ስም ናት። ቀሚሱን የሚገዛልኝ አጣሁ ብለው ራሳቸውን ያጠፉ ልጃገረዶች ዜና በጋዜጣ ወጣ። ይኼ አይቀለድበትም። ጸሐፊው ማንሳታቸው ልክ ነው።

«ሌላ የሚያሳየው የለም» የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። ዳካ ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1964 ዲሴምበር 25 ነው። ኮልካታ በ1975 ኦገስት 9። ዳካ አሥር ዓመት ከመንፈቅ ትቀድማለች ማለት ነው። የዳካ ድራማ በራሱ ደራሲና በራሱ ተዋናይ ተሠርቶ ሲያድግ የሂንዲው የአማትና ምራት ድራማ ገና አልተፈጠረም። ያልተወለደን ልጅ መገልበጥ አይቻልም።

ባከር ባይን ላምጣው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁማዩን አህመድ የጻፈው አንድ ተከታታይ ድራማ በመንግሥት ጣቢያው ላይ ይተላለፍ ነበር። ባከር የሰፈር ጉልቤ ነው። ጥቁር መነጽር፣ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክራት ሰንሰለት፣ ሞተር ብስክሌት። አፉ ሻካራ፣ ልቡ የዋህ። ባልሠራው ግድያ ይከሰሳል። የገዛ ጓደኛው በሐሰት ይመሰክርበታል። ሊሰቀል ነው።

ሕዝቡ ይኼን ሲያውቅ አደባባይ ወጣ። ለልብ ወለድ ሰው! «ባከር ባይ አንድ ነገር ቢሆን፣ እሳት ይነዳል በየቤቱ» እያለ ሰልፍ ወጣ፣ ግድግዳ ላይ ጻፈ። ደራሲው ግን አልተበገረም፤ በ1993 ባከር ተሰቀለ። አብሮኝ የሚኖረው የባይ አባት ያኔ ኩሚላ ሱቅ ነበራቸው። የመጨረሻው ክፍል የሚተላለፍ ዕለት ማታ መንገዱ ላይ ውሻ ብቻ ቀርቶ ነበር ብለው ይተርካሉ አሉ። ባከርን የተጫወተው አሳዱዛማን ኑር ከሃያ ዓመት በኋላ የባህል ሚኒስትር ሆኗል። ባይ ግን ዛሬም ሲያነሳው «ሚኒስትሩ» አይልም፣ «ባከር ባይ» ነው የሚለው።

እዚያ ውስጥ አማትና ምራት የታሉ? ፍትሕ ነው፣ የሐሰት ምስክር ነው፣ የሰፈር ፍቅር ነው። ሕዝቡም በአፉ ያጎረሱትን ሁሉ የሚውጥ አልነበረም፤ ከደራሲው ጋር ተሟግቷል።

ድሮ ነው ካሉኝ ቅርብ ጊዜ እጠቅሳለሁ። ከ2017 እስከ 2022 በዚያው «የአማትና ምራት ጣቢያ» በሚባለው ላይ ስለ ራኒ ራሽሞኒ የሚተርክ ድራማ ለዓመታት ሄዷል። ራሽሞኒ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረች ባሏ የሞተባት ሀብታም ሴት ናት፤ ከከፍተኛው ዘር አይደለችም። ያኔ አገሩን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ በወንዙ ላይ ዓሣ አጥማጆችን ቀረጥ ሲጥልባቸው የወንዙን አንድ ክፍል ተከራይታ በብረት ሰንሰለት ዘጋችው። የኩባንያው መርከብ መተላለፊያ አጣ። ቀረጡም ቀረ ይባላል። በ1855 የተመረቀውን የዳክሺኔሽዋርን ቤተ መቅደስ ያሠራችውም እሷ ናት። ዳዳ እንደሚለው ልጁ ይኼን ታሪክ ያወቀችው ከድራማው ነው። ድራማው አጋኗል፣ ጨማምሯል። የታሪክ መጽሐፍ ነው አላልኩም።

የዳካው የገበሬዎች ፕሮግራምም አለ። ሻይክ ሲራጅ የሚባል ጋዜጠኛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማሳ ለማሳ እየዞረ «አፈርና ሰው» በሚል ስም ሲሠራው ኖሯል። ለዒድ ልዩ ዝግጅት አለው፤ ገበሬዎች ቅባት የተቀባ የሙዝ ግንድ ላይ ሊወጡ ይታገላሉ። እኔ ቋንቋው ሳይገባኝ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ልብ ነው፤ ቴሌቪዥን ባህሉን ገደለው የሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ባለፈው ዓመት በመስከረም አንድ ቀን ዳዳ ሥራ የገባው ዓይኑ ቀልቶ ነው። ምን ሆነህ ብለው «ማሃላያ ነበር» አለኝ። ማሃላያ ከዱርጋ በዓል በፊት የሚውል ቀን ነው። በዚያ ቀን ጎህ ሳይቀድ፣ በኮልካታ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሬዲዮው ዱርጋ የተባለችው እናት አምላካቸው ጎሽ መሳዩን ጭራቅ እንዴት እንደገደለች በዜማና በንባብ ያሰማል። ለእኛ ለሻርጃ ሰዎች ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ይሆናል። ዳዳ ሻይ አፍልቶ፣ ስልኩን የሩዝ ማብሰያው ላይ አስደግፎ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሰማ። ቪዲዮ የለውም። ድምፅ ብቻ ነው።

ይኼ ዝግጅት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። አንባቢው ቢሬንድራ ክሪሽና ባድራ ይባላል። የካህናቱ ዘር ስላልነበረ መጀመሪያ ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ። ለብዙ ዓመት በቀጥታ ነው የተላለፈው፤ ሰውየው ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ማይክሮፎኑ ፊት ይቀርብ ነበር። በ1976 የሬዲዮው ኃላፊዎች እናዘምነው አሉና ባድራን አውጥተው በዘመኑ ታላቅ የፊልም ተዋናይ በኡታም ኩማር ተኩት። ኡታም ኩማር ማለት ለቤንጋሊ ሌላ ነገር ነው፤ ሴቱም ወንዱም የሚያብድለት ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሕዝቡ አበደበት። የሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ቁጣ ሆነ። ኃላፊዎቹ አፍረው የድሮውን እዚያው ዓመት በበዓሉ ቀን መልሰው አሰሙ። ባድራ በ1991 ሞቷል፤ ቅጂው ግን ዛሬም በየዓመቱ ይለቀቃል። ማሃላያ ሲቃረብ የሬዲዮ ጠጋኞች ሥራ ይበዛባቸዋል። ዓመቱን ሙሉ አቧራ የጠጣ ሬዲዮ ለአንድ ሌሊት ይጠገናል።

እስኪ ይኼ ባህል ነው ወይስ የመገናኛ ብዙኃን ውጤት? ተረቱ የጥንት ነው። ሌሊት ተነስቶ መስማቱ ግን በሬዲዮ የመጣ ነው። ሦስት ትውልድ አልፎበት ባህል ሆኗል።

በሙስሊሞቹም ዘንድ እንዲሁ ነው። ቃዚ ናዝሩል ኢስላም የጻፈው፣ አባሱዲን አህመድ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ ያስቀረጸው አንድ የዒድ ዘፈን አለ። የረመዳን ጾም አልቆ ጨረቃ ታየች ሲባል ቴሌቪዥኑ እሱን ይለቃል። ባይ «ጨረቃዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ዘፈኑ ሲመጣ ነው ዒድ የሚሆነው» ይላል። የእኛስ? የአዲስ ዓመት ዘፈን ከሬዲዮ ሳይሰማ ጳጉሜን ያለቀች የሚመስለው ማን አለ?

የመንደር ቲያትሩ ነገርም አለ፣ ጃትራ ይሉታል። መዳከሙ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። «ሞቷል» ግን አይባልም። ኮልካታ ውስጥ ቺትፑር የሚባል ሰፈር አለ፤ የጃትራ ቡድኖቹ ቢሮ እዚያ ነው። የሠረገላ በዓል ከሚሉት በዓላቸው ጀምሮ ለቀጣዩ ወቅት ይዋዋላሉ። በብርዱ ወራት ወደ ገጠር ሲወጡ ፖስተራቸው ላይ በትልቁ የሚለጠፈው ፊት የማን ነው? የቴሌቪዥን ተዋናይ። ገበሬው ማታ ማታ በስክሪን የሚያያትን ሴትዮ በአካል ለማየት ትኬት ይቆርጣል። ገዳይ የተባለው ድራማ ለጃትራው ገበያ ጠሪ ሆኖለታል።

የቋንቋው ክስ ደግሞ በጣም ነው የገረመኝ። ቤንጋሊዎች ለቋንቋቸው ደም የከፈሉ ናቸው። በ1952 ፌብሩዋሪ 21 ዳካ ላይ ኡርዱ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ አይሆንም ያሉ ተማሪዎች ላይ ፖሊስ ተኩሷል። ዩኔስኮ በ1999 ቀኑን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ወጣቶቹ የቴሌቪዥን ድራማዎች የመንገድ ቋንቋና እንግሊዝኛ መቀላቀላቸው እውነት ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቋንቋውን እንዳያበላሹ አዟል። ለዚህ ጉዳይ ዳኛ የሚሰየምበት አገር ቋንቋው ሞተ አይባልም።

ባህላቸውን በእርግጥ ሊገድል የሞከረውን ጸሐፊው አንድም ቦታ አላነሱትም። በ1967 የፓኪስታን የማስታወቂያ ሚኒስትር የራቢንድራናት ታጎር ዘፈን ከአገሪቱ እሴት ጋር የሚጋጨው ከሬዲዮ ይወጣል ብለው ነበር። ታጎር እኮ በ1913 ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው፤ የሕንድም የባንግላዴሽም መዝሙር የእሱ ነው። በዚያው ዓመት የዳካ ዘፋኞች በአዲስ ዓመታቸው ማለዳ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተሰብስበው መዝፈን ጀመሩ። ዛሬም ኤፕሪል 14 ጠዋት እዚያው ይዘፍናሉ። በ2001 እዚያ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው ዘፈኑ። ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ባይ ከመኝታው ሳይነሳ ያየዋል።

አንዲት ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ በጣም የምወዳት ናት። 1971 ማርች 23 የፓኪስታን ቀን ነው። አገሪቱ ልትፈርስ ቋፍ ላይ ናት። የቴሌቪዥን ስርጭት ሲያልቅ ባንዲራው መታየት አለበት። የዳካ ጣቢያ ሠራተኞች ምን አደረጉ? ፕሮግራሙን አልጨረሱትም። ዘፈን በዘፈን ላይ እየቀጠሉ እኩለ ሌሊትን አሳለፉት። ማርች 24 ሲገባ ተሰናበቱ። በፓኪስታን ቀን የፓኪስታን ባንዲራ ሳይታይ ቀረ።

ስለዚህ ስክሪኑን ከሳሽ መቆም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

የስፖንሰሩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ኮልካታ በዱርጋ በዓል ጊዜ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ትሆናለች፤ አልዋሽም። ዳዳ ያሳየኝ ፎቶ ላይ ከአምላኳ ፊት የሲሚንቶው ስም ይጎላል። ግን ገንዘብ የገባው ዛሬ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን ባለጸጎች በዓሉን በግቢያቸው ሲያደርጉ እንግሊዞችን ጠርተው ይደግሱላቸው ነበር። ያ ምን ይባላል? ስፖንሰር ነው፣ ስሙ ብቻ ተለወጠ። በ1985 አንድ የቀለም ኩባንያ የአምላኳ ምስል ለሚቀመጥበት ምርጥ የበዓል ድንኳን ሽልማት ጀመረ። የየሰፈሩ ኮሚቴ ለመብለጥ ሠዓሊ መቅጠር ያዘ። ዛሬ ድንኳኖቹ የጥበብ ኤግዚቢሽን ናቸው። በዓሉም በ2021 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል።

ጸሐፊው ያላዩት ሌላም አለ። ጋዜጣውና በዓሉ አብረው ነው ያደጉት። ለዱርጋ በዓል መጽሔቶች ወፍራም ልዩ እትም ያወጣሉ፤ ታላላቅ ደራሲዎች አዲስ ልብ ወለዳቸውን መጀመሪያ የሚያትሙት እዚያ ነው። ዳካዎች ይኼንኑ ለዒድ ያደርጋሉ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለዒድ ብቻ የተሠራ ድራማ ለቀናት ያሳያል። ባይ የዒድ ሰሞን እንቅልፍ የለውም። በበዓሉ ዋና ቀናት ደግሞ የኮልካታ ቤንጋሊ ጋዜጦች አይታተሙም፤ ጋዜጠኛውም በዓል ያከብራላ። አንድ አባባል አላቸው፦ «በአሥራ ሁለት ወር አሥራ ሦስት በዓል።» እኛ አሥራ ሦስት ወር አለን ብለን ስንኩራራ እነሱ ትርፉን በበዓል ሞልተውታል።

ዜናው ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ እስማማለሁ፤ ጥፋታቸው ማጠቃለሉ ላይ ነው። የባንግላዴሽ መንግሥት ጣቢያ ሁሌም የሥልጣን አፍ ነበር። በ1980ዎቹ አገሪቱን ይገዛ በነበረው በጄኔራል ኤርሻድ ዘመን ሕዝቡ «የጌታ፣ የእመቤትና የሎሌ ሳጥን» ይለው ነበር። በአንድ ጣቢያ ያደግን ሰዎች ቀልዱ ይገባናል። የግሎቹ ባለቤቶችም ነጋዴና የፖለቲካ ሰው ናቸው። የ2018ቱ የዲጂታል ሕግ ጋዜጠኞችን እስር ቤት አስገብቷል። ኮልካታ ደግሞ ማታ ማታ ስድስት ሰው በአንዴ የሚጮኽበት ክርክር አለ፤ ዳዳ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው።

ነገር ግን ኤኩሼን ተመልከቱ። ኤኩሼ ማለት «ሃያ አንድ» ነው፣ የዚያች ፌብሩዋሪ ቀን። በ2000 ኤፕሪል 14፣ በአዲስ ዓመታቸው ዕለት፣ በተራ አንቴና የሚያዝ የመጀመሪያው የግል ጣቢያ ሆኖ ተከፈተ። ዲሽ የሌለው ገበሬም አየው። ካቋቋሙት አንዱ ሳይመን ድሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። በ1971 የፓኪስታን ጦር የዳካን ሕዝብ ሲፈጅ የውጭ ጋዜጠኞችን ሆቴል ሰብስቦ አባረረ። ድሪንግ ሆቴሉ ውስጥ ተደብቆ ቀረ። ወጥቶ ያየውን ጻፈ፤ ዓለም እልቂቱን ካወቀባቸው የመጀመሪያ ዘገባዎች አንዱ ያ ነው። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን ዜና አሠራር አስተማረ። ጣቢያው በ2002 ፈቃዱ አግባብ አይደለም ተብሎ ተዘጋ፣ ድሪንግም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ዋሽንት ቢሆን ኖሮ ማን ይዘጋው ነበር?

በ2024 ጁላይ ደግሞ ባንግላዴሽ ውስጥ የተማሪዎች ተቃውሞ ሲጋጋል የተቆጣ ሰው የመንግሥት ቴሌቪዥኑን ሕንፃ አቃጠለ፣ ኢንተርኔትም ጠፋ። ባይ አምስት ቀን ያህል በቪዲዮ እናቱን አላገኘም። ካርድ እየገዛ በተራ ስልክ ይደውላል፤ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም። በእነዚያ ቀናት የሟቾችን ቁጥር እየቆጠረ ያወጣ የነበረው የወረቀት ጋዜጣ ነው። አጎቱ ጠዋት ጋዜጣ ገዝተው በስልክ ያነቡለት ነበር። እሱ ይሰማል፣ እኔ ፊቱን አያለሁ። ዜናቸው ሁሉ ውሸት ነው የሚል ሰው ያን ጠዋት እኛ ክፍል በነበረ።

አሁን አምስተኛው። ባንግላዴሽ በ2021 የሕንድ ጣቢያ የዘጋችው ባህሏን ለማዳን ነው ብለዋል ጸሐፊው። አይደለም። ቀድሞ የወጣ ሕግ ነበራቸው፤ የውጭ ጣቢያ ማስታወቂያ ይዞ መግባት አይችልም የሚል። በ2021 ኦክቶበር 1 መንግሥት ሕጉን ማስከበር ሲጀምር የኬብል ድርጅቶቹ ከማስታወቂያ የጸዳ ስርጭት ስላልነበራቸው ጣቢያዎቹን አወረዱ። ጉዳዩ የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። በባህል ስም ይዘጉልን የሚል አቤቱታማ ቀደም ብሎ ቀርቦ ነበር፤ ሦስት ጣቢያዎችን በስም ጠርቶ። ፍርድ ቤቱ በ2017 ጃንዋሪ ውድቅ አደረገው።

አንድ ቅሬታቸውን ግን እቀበላለሁ። መንገዱ የአንድ ወገን ነው። የኮልካታ ጣቢያ ዳካ ሲታይ የዳካው ኮልካታ ኬብል ላይ እምብዛም አይገኝም። ይኼ ሰውን ቢያስቆጣ አይፈረድበትም። የሚገርመው መፍትሔው የመጣበት ነው። ዩቲዩብ መጣ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የቤንጋሊ ፊልምና ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳዩ አገልግሎቶች ኮልካታም ዳካም ተከፈቱ። ዛሬ ዳዳ የሚያብድላቸው ተዋናዮች የዳካዎቹ ሞሻረፍ ከሪምና ቻንቻል ቾውዱሪ ናቸው። «የእኛዎቹ ያለቅሳሉ፣ የእናንተዎቹ ይተውናሉ» ብሎ ለባይ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ባይ ለሳምንት ጎርሮበታል።

የቱርኩ ድራማ ጉዳይ እነሱም ዘንድ ደርሷል። በ2015 መጨረሻ አንድ የዳካ ጣቢያ የኦቶማን ሱልጣን ታሪክ በቤንጋሊ ድምፅ ተክቶ ማሳየት ጀመረ፣ አገር ምድሩ አየው። በ2016 መጨረሻ አርቲስቶቹ ሰልፍ ወጡ፤ እንጀራችን ተነካ አሉ። በዚያው ዓመት እኛ አገር ቃና ሲከፈት የእኛ አርቲስቶች ያሉትን ታስታውሳላችሁ፤ ቃል በቃል ይመሳሰላል። የሁለቱም ስጋት መሠረት ነበረው። ድምፅ መተካት አዲስ ድራማ ከመሥራት በብዙ ይረክሳል። ግን ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ቀነሰ ወይስ በዛ? ሪሞታችሁን አንሱና ቁጠሩ። የዳካውም ድራማ አልጠፋም፤ የቱርኩም አልቆመም።

እኔና ባይ አንድ የቱርክ ተዋናይ እንወዳለን። ሁለታችንም ቱርክኛ አንችልም። እኔ አገር ቤት ሳለሁ በአማርኛ ነው የማውቀው፣ እሱ በቤንጋሊ። አንድ አርብ ስልካችንን ጎን ለጎን አድርገን ተከራከርን። የእኔው ጎርነን ያለ፣ ረጋ ያለ ድምፅ ነው። የእሱው ቀጠን ብሎ ይጣደፋል። ዳዳን ዳኛ ብንጠራው ሁለታችሁም ሞኞች ናችሁ ብሎን ሄደ። ባይ ግን የሰውዬው ትክክለኛ ድምፅ የቤንጋሊው ነው ብሎ እስከ ዛሬ ድርቅ ብሏል።